ወይን የሚያረጅበት ጥግ ቤታችሁ ውስጥ፦ ከቴርሞሜትር እስከ ቡሽ

ወይን ስለ ማስቀመጥ ሲወራ ብዙ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ፈረንሳይ አገር ቤተ መንግሥት ሥር ያለ የድንጋይ ዋሻ ነው። በርሜል፣ የሸረሪት ድር፣ ሻማ። ከዚያ "ይሄ የሀብታም ነገር ነው" ብሎ ይተወዋል። ወይን የሚፈልገው ግን ጨለማ፣ ጸጥ ያለ፣ ሙቀቱ የማይዋዥቅ ቦታ ነው። ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ይህን ቤቱ ውስጥ ፈልጎ አያጣውም።

አዲስ አበባን እንውሰድ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሞቃት በሚባሉት ወራት እንኳ ቀኑ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። በወይኗ የታወቀችው የፈረንሳይ ከተማ ቦርዶ ግን በበጋ 35 ዲግሪ የምታልፍበት ቀን አለ። የእኛ ጣጣ ሌላ ነው። በኅዳር ከሰዓት በኋላ ጃኬት ያስወልቃል፣ ሌሊት ደግሞ ሁለት ብርድ ልብስ ያስደርባል። ወይን የሚጠላው ይህን መዋዠቅ ነው። ስለዚህ ልፋታችሁ ግማሹ ቀንና ሌሊቱ የማይለይበትን ጥግ መፈለግ ላይ ይሆናል። የቀረው ምን እንደምትገዙና መቼ እንደምትከፍቱ ማወቅ ነው።

ጠርሙሱ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ወጣት ቀይ ወይን ድድ የሚያደርቅ ነገር አለው። ታኒን ይባላል። ወፍራም ሻይ ስትጠጡ አፋችሁን የሚጨብጠው ያው ነው። ከወይኑ ልጣጭ፣ ከፍሬው ዘርና ከእንጨት በርሜሉ ይመጣል። በዓመታት ውስጥ ታኒኑና ቀለሙ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ይከብዳሉ፣ አተላ ሆነው ይዘቅጣሉ። ወይኑም ይለሰልሳል። መልኩ ከሐምራዊ ወደ ሸክላ ቀለም ይሄዳል። ሽታው ከትኩስ ፍራፍሬ ወደ ቆዳ፣ ትምባሆ፣ እንጉዳይ ይዞራል። ነጩ ግን ሲያረጅ ይጠቁራል። መጀመሪያ ወርቅ ይመስላል፣ ከዚያ ወደ ቡናማ ይጠጋል።

በቡሹ በኩል ጥቂት ኦክስጅን ይገባል። በጣም ጥቂት ሲሆን ያበስላል፣ ሲበዛ ይገድላል። ሙቀት ሁሉንም ያፋጥናል። የተለመደው ግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ለውጡ እጥፍ ገደማ ይፈጥናል የሚል ነው። በሙቀት ያረጀ ወይን ደግሞ ፈጥኖ ማርጀቱ ብቻ አይደለም ችግሩ። ጣዕሙም የተቀቀለ ፍራፍሬ ጣዕም ይሆናል።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንግባባ። በዓለም ላይ ከሚሸጠው ወይን አብዛኛው ለመቆየት አልተሠራም። በአንድ ሁለት ዓመት እንዲጠጣ የተሠራ ነው። ቢያስቀምጡት አይሻሻልም፣ ይደክማል። "ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል" የሚባለው ለጥቂቶቹ ብቻ ይሠራል።

1. ቦታውን ፈልጉ

ምርጡ ምድር ቤት ነው። ጥቂት ሜትር ወደ ታች ሲኬድ የአፈሩ ሙቀት ለአካባቢው የዓመት አማካይ ይቀርባል። አዲስ አበባ ላይ ይህ 16 ወይም 17 ዲግሪ ገደማ ነው። ባለሙያዎች የሚመርጡት 12 ወይም 13 ነው። ነገር ግን ከ10 እስከ 18 ባለው ውስጥ ሳይዋዥቅ የቆየ ወይን በሰላም ያረጃል። ትንሽ ይፈጥናል፣ በቃ።

ምድር ቤት የሌለው ቤቱን ይዙር። ከደረጃ ሥር ያለ ባዶ ቦታ፣ የቤቱ መሃል ያለ ስቶር፣ ግቢ ውስጥ በድንጋይ ወይም በወፍራም ጭቃ የተሠራ የድሮ ሰርቪስ ቤት። ብዙ ሰው አይገምተውም እንጂ የድሮ ጭቃ ቤት ከአዲስ ብሎኬት ቤት ይሻላል። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ የቀኑ ሙቀት ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ይመሻል። የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው የምዕራብ ግድግዳ ግን አይሆንም። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥርም አትሞክሩት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖሩ ከውጭ ግድግዳ የራቀ ቁም ሳጥን ፈልጉና ከታችኛው መደርደሪያ ጀምሩ። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ታችኛው ይቀዘቅዛል።

ሦስት የተለመዱ ቦታዎችን እርሷቸው። ወጥ ቤት፣ ፍሪጅ አናት ላይ፣ እና ሳሎን ያለው ባለ መስታወት ቡፌ። ወጥ ቤት ይሞቃል፣ ደግሞም የሽንኩርትና የበርበሬ ሽታ አለበት። የፍሪጅ አናት ሙቀትም ንዝረትም አለው። ቡፌው ለእንግዳ ያምራል፣ ግን ብርሃን ወይንን ያበላሻል። በተለይ ቀለም በሌለው ጠርሙስ ውስጥ ያለውን። አረንጓዴና ቡናማ ጠርሙስ የተሠራው ለጌጥ እንዳይመስላችሁ።

ቀለም፣ ናፍጣና በረኪና የሚቀመጥበት ስቶርም መጀመሪያ ይጽዳ። ኃይለኛ ሽታ ባለበት ክፍል ለዓመታት የሚቆይ ጠርሙስ አይቀመጥም።

2. ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ

ይህን ደረጃ ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት። ርካሹም ይሄ ነው።

ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት የሚመዘግብ ትንሽ ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዙ። እርጥበትም የሚለካ ቢሆን ይመረጣል፣ ሽቦ ያለው መለኪያ ቢኖረው ደግሞ በጣም ጥሩ። ባዶ የወይን ጠርሙስ ውኃ ሙሉና ሽቦውን አስገቡበት። አፉን በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩትና የመረጣችሁት ጥግ ላይ አስቀምጡት። ለምን ውኃ? የክፍሉ አየር በር በተከፈተ ቁጥር ይለዋወጣል። ወይኑ ግን ፈሳሽ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚከተለው። ማወቅ የምትፈልጉት ፈሳሹ ምን እንደሚሰማው ነው።

ሳምንት ቆይታችሁ እዩት። በቀንና በሌሊት መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ወይም 2 ዲግሪ ካልበለጠ ቦታችሁን አግኝታችኋል። 5 ዲግሪ ከሆነ ሌላ ጥግ ፈልጉ፣ ወይም ወደ ቀጣዩ ደረጃ ሂዱ። ልኬቱን በኅዳር ወይም በታኅሣሥ፣ ከዚያ በመጋቢት፣ ከዚያ ክረምት ላይ ድገሙት። ከወቅት ወደ ወቅት ቀስ እያለ በሦስት አራት ዲግሪ ቢለወጥ ምንም አይደል። አስቸጋሪው የየዕለቱ ውጣ ውረድ ነው። ፈሳሹ ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። እንዲህ እየተመላለሰ ቡሹን ይገፋል፣ አየር ይስባል።

የእርጥበት መለኪያው ትክክል መሆኑን ቤት ውስጥ ማወቅ ይቻላል። በለስላሳ ቆርኪ ላይ የገበታ ጨው አድርጉ። ጥቂት የውኃ ጠብታ ጨምሩበት፣ ጨው እንዳይሟሟ፣ እርጥብ ጭቃ ብቻ እንዲሆን። ቆርኪውንና መለኪያውን አንድ ላይ አየር የማያስገባ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ዝጉ። በማግስቱ 75 በመቶ ማንበብ አለበት። 70 ካነበበ መለኪያችሁ 5 ያጎድላል ማለት ነው፤ ልብ እያላችሁ ተጠቀሙበት።

ጥሩው እርጥበት ከ60 እስከ 70 በመቶ ነው። ከ50 እስከ 80 ቢሆንም አይከፋም። አየሩ በጣም ሲደርቅ ቡሹ ከውጭ በኩል ይኮማተራል። በጣም ሲረጥብ ወይኑ አይጎዳም፣ የሚሻግተው ወረቀቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሁለቱም ይደርስባችኋል። ክረምት ላይ ሻጋታ፣ በጋ ላይ ድርቀት።

3. ክፍሉን አዘጋጁ

ሙቀቱ የሚዋዥቅ ከሆነ ግድግዳውንና ጣሪያውን በ5 ወይም በ10 ሴንቲ ሜትር ስታይሮፎም ሸፍኑ። ፕላስቲክ ሸራ ሞቃቱ ወገን ላይ፣ ማለትም ከስታይሮፎሙ ውጭ በኩል ይሁን። አለዚያ እንፋሎቱ ስታይሮፎሙ ጀርባ ላይ ውኃ ይሆንና ግድግዳው ይሻግታል። በሩ ዳር ላይ ጎማ አድርጉ። ሥራው ሲበላሽ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በበሩ ነው፤ ግድግዳውን አሳምሮ ሠርቶ በበሩ ሥር ሁለት ጣት ክፍተት የሚተው አናጢ ሞልቷል። ለብርሃን ትንሽ ኤልኢዲ አምፖል ይበቃል፣ እሱም ስትገቡ ብቻ ይብራ። አዲስ ቀለም የተቀባ ክፍል ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ አየር ይውሰድ።

በጋ ላይ አየሩ ከደረቀ በሰፊ ሳህን ውኃ፣ ወይም በእርጥብ አሸዋ የተሞላ ገንዳ አስቀምጡ። ክረምት ላይ ከረጠበ ዝናብ በሌለበት ሰዓት በሩን ለጥቂት ጊዜ ክፈቱ። ውድ ጠርሙሶችን በስስ የምግብ ፕላስቲክ ብትጠቀልሏቸው ጽሑፋቸው ይተርፋል።

መደርደሪያውን ወልዲንግ ቤትም አናጢም ይሠራላችኋል። ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የአንዱ ጠርሙስ ቀዳዳ 9 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። የተለመደው የቦርዶ ጠርሙስ ቀጭን ነው። የሻምፓኝና የቡርጎኝ ጠርሙስ ግን ወፍራም ስለሆነ በጠባብ ቀዳዳ አይገባም። ክብደቱንም አስቡ። አንድ ሙሉ ጠርሙስ ከ1.2 እስከ 1.5 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 100 ጠርሙስ 130 ኪሎ ገደማ ነው። መደርደሪያው ከግድግዳው ጋር በብሎን ይታሰር። ለመጀመሪያው ዓመት ደግሞ መደርደሪያም አያስፈልግም፤ ወይኑ የመጣበት ካርቶን በጎኑ ተኝቶ በደንብ ያገለግላል።

ንዝረት ካለበት ራቁ። ጄኔሬተር፣ የውኃ ፓምፕ፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠገብ አይሁን።

የወይን ፍሪጅ የሚያስፈልገው ማነው?

ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ያለ ሰው ለረጅም ጊዜ ካስቀመጠ ያስፈልገዋል። ሁለት ዓይነት አለ። ኮምፕሬሰር ያለውና የሌለው። ኮምፕሬሰር የሌለው ጸጥ ያለ ነው፣ ግን ክፍሉ ሲሞቅ አቅም ያጣል። ሙቅ አገር ላይ ኮምፕሬሰር ያለውን ውሰዱ። መብራት በሚቆራረጥበትና ኃይሉ በሚዋዥቅበት ሰፈር ስታቢላይዘር አብራችሁ ግዙ። መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ አትደንግጡ። በሩን ብቻ አትክፈቱት። በጠርሙስ የተሞላ ፍሪጅ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም።

የምግብ ፍሪጅ አይተካውም። 4 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ አየሩም ደረቅ ነው። ለጥቂት ሳምንት ምንም አይል፣ ለዓመታት ግን አይሆንም።

ዋሽንግተን አካባቢ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖች ብዙዎቻችሁ ቤዝመንት አላችሁ። ከማሞቂያው፣ ከሙቅ ውኃ ጋኑና ከልብስ ማድረቂያው ርቆ፣ አፈር ያረፈበት ግድግዳ ጥግ ጥሩ ነው። ጋራዥ ግን አይሆንም። በክረምት ከዜሮ በታች 5 ወይም 6 ዲግሪ ሲደርስ ወይን ይቀዘቅዝና በረዶ ሆኖ ቡሹን ይገፋል። እስራኤል ላላችሁ የበጋው ሙቀት ምርጫ አይሰጥም፣ ፍሪጅ ነው።

4. አጋድሙት

ቡሽ ያለው ጠርሙስ ይጋደም። ወይኑ ቡሹን ከነካው ቡሹ አይደርቅም። የሚጠመዘዝ ክዳን ያለው ቢቆምም ቢተኛም ልዩነት የለውም። ሻምፓኝም ውስጡ ያለው ግፊትና እርጥበት ስለሚጠብቀው ቢቆም ግድ የለም። ጽሑፉ ወደ ላይ ይሁን። አተላው ከታች ባለው ጎን ስለሚሰበሰብ ስታነሱት የት እንዳለ ታውቁታላችሁ። ጠርሙሱን አገላብጡ የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት። ተኝቶ ዝም ይበል።

5. ምን ትገዛላችሁ?

ወይን እንዲቆይ የሚያደርጉት ታኒን፣ አሲድ፣ ስኳርና በአንዳንዶቹ የተጨመረ አልኮል ናቸው። ሁሉም አንድ ላይ አያስፈልጉም። ከእነዚህ አንዱ ወይም ሁለቱ ጠንክረው መገኘት አለባቸው፣ ከፍሬው ጣዕም ጋር ተመጣጥነው።

ለጀማሪ የስፔኑን ቀይ ወይን፣ ሪዮኻ ግራን ሬሴርቫን እመርጣለሁ። የስፔን ሕግ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ 5 ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል፣ ከዚህ ውስጥ 2 ዓመት በእንጨት በርሜል። ማለት ወይኑን የማስረጀቱን ከባድ ሥራ ሠሪው ጨርሶላችኋል። ዛሬ ብትከፍቱት ይጠጣል። ከጥሩ ሠሪ ከሆነ ሌላ 10 ዓመትም ይሄዳል። ለዚያውም ዋጋው ከስሙ ጋር ሲነጻጸር የሚያስደነግጥ አይደለም።

ቦርዶ ሁለተኛው ነው። የወንዙ ግራ ዳርቻ፣ የሜዶክ አካባቢ፣ ካቤርኔ ሶቪኞን የሚባለው የወይን ዝርያ የሚበዛበት ስለሆነ ታኒኑ ጠንካራ ነው። የቀኝ ዳርቻው፣ ሴንት ኤሚሊዮንና ፖመሮል፣ ሜርሎ የሚባለው ዝርያ ስለሚበዛበት ቶሎ ይለሰልሳል። ታዋቂዎቹን ሻቶዎች፣ ማለትም የወይን እርሻዎች፣ እርሷቸው፣ ዋጋቸው የሌላ ዓለም ነው። "ክሩ ቡርዧ" የሚል የደረጃ ስም የተጻፈባቸው ብዙዎቹ ከ5 እስከ 12 ዓመት በደንብ ይሄዳሉ። 2005፣ 2009፣ 2010 እና 2016 የቦርዶ ጥሩ ዓመታት ተብለው ይታወቃሉ። 2013 ደግሞ ደካማ ነበር።

ባሮሎ ትዕግሥት ላለው ሰው ነው። ጣሊያን፣ ፒዬሞንቴ ውስጥ ኔቢዮሎ ከተባለ የወይን ዝርያ ይሠራል። በሕግ 38 ወር ይቆያል፣ 18ቱን በእንጨት። መልኩ ቀላ ያለ ስስ ነው። አይታችሁ "ይሄማ ቀላል ነው" ትላላችሁ፣ ስትቀምሱት ታኒኑ አፋችሁን ይጨብጣል። ከተመረተ 10 ዓመት ሳይሞላው ባትነኩት ይሻላል።

የስቴለንቦሽ ካቤርኔ ለእኛ ቅርብ ነው። የደቡብ አፍሪካ ወይን አዲስ አበባ ሱቆች ውስጥ በቀላሉ ይገኛል። ሱቅ ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ ቶሎ የሚጠጡ ናቸው። ከአንድ እርሻ የመጣና ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በእንጨት የቆየውን ከመረጣችሁ ግን ከ8 እስከ 10 ዓመት ይሄዳል።

ነጭ አይቆይም የሚባለው ስህተት ነው። የጀርመን ሞዘል ሪዝሊንግ በአሲዱ ብቻ 20 ዓመት ይሻገራል። ሲያረጅ ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል። የተበላሸ እንዳይመስላችሁ፣ የወይኑ ጠባይ ነው። ሶተርን የሚባለውን ጣፋጭ የፈረንሳይ ነጭ ወይን ደግሞ ስኳሩና አሲዱ ተደጋግፈው ለአሥርታት ያቆዩታል። አልኮል የሚጨመርበት የፖርቱጋል ቪንቴጅ ፖርት በጥሩ ዓመት ብቻ ይሠራል፣ 20 ዓመት ሲሞላው ነው በደንብ የሚጣፍጠው። ሌላው የፖርቱጋል ወይን፣ ማዴይራ፣ አይሞትም ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ሲሠራ ሆን ተብሎ በሙቀት ስለሚበስል ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር አያስፈራውም።

አታስቀምጡ የምላቸው፦ ቦዦሌ ኑቮ፣ ሮዜ፣ ፒኖ ግሪጆ፣ በጠርሙስ ፋንታ በካርቶን የታሸገ ሁሉ።

የአገራችንስ? ጉደርና አክሱማይት ቶሎ እንዲጠጡ የተሠሩ ናቸው፤ ከሱቅ አምጥታችሁ በዚያው ሰሞን ጠጧቸው። የዝዋዩ የካስቴል ፋብሪካ ወይኖች እንደ ፈረንጆቹ በ2014 ነው ገበያ የገቡት። ከእነሱ አኬሽያ ለቶሎ መጠጥ ነው። የሪፍት ቫሊ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሲራህ ግን መሞከር አለባቸው ባይ ነኝ። ዋጋቸው ከውጭ ከሚመጣው ያነሰ ስለሆነ ሙከራው አይጎዳም። ተመሳሳይ ዓመት የተጻፈባቸው ሦስት ጠርሙሶች ግዙ። አንዱን አሁን፣ አንዱን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አንዱን ከአራት ዓመት በኋላ ክፈቱ። ወይን ሲያረጅ ምን እንደሚሆን በራሳችሁ ምላስ ትማራላችሁ።

6. ሱቅ ውስጥ ጠርሙሱን እዩት

ከመክፈላችሁ በፊት ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሱ። ለወጣት ወይን ፈሳሹ አንገቱ ውስጥ መድረስ አለበት። ትከሻው ጋ ከወረደ ወይ ፈስሷል ወይ ተኗል። አንገቱ ላይ ያለውን ፎይል በጣታችሁ ዳስሱት። ቡሹ ከአፉ ከፍ ብሎ ከገፋው፣ ወይም ፎይሉ ሥር የሚያጣብቅ ነገር ካለ፣ ያ ጠርሙስ አንድ ቦታ ላይ በሙቀት ተቀቅሏል። ወደብ ላይ በኮንቴይነር ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ በሱቁ መስኮት ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ምንም ይሁን፣ ተዉት። አቧራ የጠጣ ጠርሙስ "ያረጀ ነው" ተብሎ ቢቀርብላችሁም አትታለሉ። ቆሞ በፀሐይና በሱቅ አምፖል ሥር የቆየ ወይን ዋጋው ቢቀነስም ውድ ነው። ሻጩን ጀርባ ካለው መጋዘን አዲስ ካርቶን እንዲያመጣላችሁ ጠይቁት።

ከውጭ የምታመጡ ከሆነ ጠርሙሱ በዕቃ ሻንጣ ውስጥ በልብስ ተጠቅልሎ ይግባ። በእጅ ሻንጣ የጸጥታ ፍተሻውን አያልፍም። ቦሌ ላይ ያለ ቀረጥ የሚገባው መጠን ውስን ነውና ከመብረራችሁ በፊት ጉምሩክን ጠይቁ። ቤት ሲደርስ ወዲያው አትክፈቱት። ጥቂት ሳምንት ይረፍ።

7. ስንት ይበቃል?

በሳምንት አንድ ጠርሙስ የሚጠጣ ቤት በዓመት 52 ይጨርሳል። ይህ ለዕለት የሚጠጣው ነው። ለማስረጀት የሚገዛው ከዚህ ተለይቶ ይቀመጥ፣ አለዚያ ለቅዳሜ እራት ተብሎ ያልቃል። በዓመት 12 ጠርሙስ ለረጅም ጊዜ ብትገዙ ከአምስት ዓመት በኋላ 60 አላችሁ። ከዚያ በየዓመቱ 12 እያወጣችሁ 12 ታስገባላችሁ። ለአንድ ቤተሰብ ከዚህ በላይ ትርፉ የቦታ ጥበት ነው።

ከ12 የተለያዩ ጠርሙሶች ይልቅ ሁለት ዓይነት፣ ከእያንዳንዱ ስድስት ስድስት ግዙ። አንድ ብቻ ያለው ሰው መቼ እንደሚከፍተው አያውቅም። ወይ ይፈጥናል ወይ ይዘገያል። ስድስት ያለው ግን እየቀመሰ ይከታተላል። መጠኑም ለውጥ አለው፤ ግማሽ ጠርሙስ፣ 375 ሚሊ ሊትር፣ ቶሎ ያረጃል። ባለ 1.5 ሊትሩ ማግነም ዘግይቶ።

በልጃችሁ ልደት ዓመት የተመረተ ወይን ለማስቀመጥ ካሰባችሁ ሕፃኑ እንደተወለደ ለመግዛት አትሩጡ። የዚያ ዓመት ቦርዶ ጠርሙስ ውስጥ የሚገባው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ፖርትም እንዲሁ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው ፈልጉ። ዓመቱ ለቦርዶ መጥፎ ከነበረ ወደ ሌላ አገር ዙሩ።

8. መዝገብ ያዙ፣ በአንድ አቆጣጠር

እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው ብቻ የሚገጥመው ጣጣ አለ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እናንተ የገዛችሁበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ትጽፋላችሁ። ከስድስት ዓመት በኋላ "2020 ላይ ይከፈት" የሚል ወረቀት ታገኙና የቱ 2020 እንደሆነ ግራ ይገባችኋል። ስምንት ዓመት ለወይን ብዙ ነው። አንዱን ምረጡና መዝገቡ ሽፋን ላይ ጻፉት። እኔ የምመክረው ጠርሙሱን መከተል ነው።

ሌላም አለ። በ2015 የተመረተ የፈረንሳይ ወይን የተለቀመው በመስከረም 2008 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በ2015 የተመረተ የደቡብ አፍሪካ ወይን ግን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ 2007 ነው የተለቀመው። ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው፣ የደቡቡ ግን ግማሽ ዓመት ይበልጣል።

በእያንዳንዱ ጠርሙስ አንገት ላይ ትንሽ ወረቀት በክር እሰሩ። ስሙ፣ የተገዛበት ቀን፣ "ከዚህ በፊት አይከፈት"፣ "ከዚህ አይለፍ"። ጠርሙሱን ሳታወጡ ታነቡታላችሁ። ሙሉው ዝርዝር ደብተር ወይም ስልክ ላይ ይሁን፣ ዋጋውንና የገዛችሁበትን ሱቅ ጨምሮ።

9. መክፈት

ወይን አንዳንዴ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመቱ ድረስ ያኮርፋል። ፍሬው ይጠፋል፣ የብስለቱ ጣዕም ገና አልመጣም። በዚህ ጊዜ ቀምሳችሁ ቅር ካላችሁ የቀሩትን ለሰው አትስጡ። ሁለት ዓመት ጨምሩላቸው።

ያረጀ ቀይ ስትከፍቱ ከአንድ ቀን በፊት ጠርሙሱን አቁሙት። አተላው ወደ ታች ይወርዳል። ያረጀ ቡሽ ይሰባበራል። ጠምዛዛው መክፈቻ መሃሉን ይቦረቡረዋል፣ ስለዚህ ሁለት ቀጭን ብረት በቡሹ ዳርና ዳር የሚያስገባውን ዓይነት ካገኛችሁ ተጠቀሙ። ቀስ ብላችሁ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዛችሁ አስገቡት፣ ከዚያ እያዞራችሁ ሳቡት። ከተሰበረም ዓለም አልጠፋም፣ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት።

ከዚያ ሻማ አብሩ፣ ወይም የስልካችሁን መብራት ከጠርሙሱ አንገት ሥር አድርጉ። ወደ ንጹሕ ማንቆርቆሪያ በአንድ ትንፋሽ ሳታቋርጡ ቀስ ብላችሁ ገልብጡ። ብርሃኑ ላይ መጀመሪያ ጥርት ያለ ቀይ ታያላችሁ። ወደ መጨረሻው ቀጭን ጥቁር ክር ወደ አንገቱ ይመጣል። እሱ ሲደርስ አቁሙ። የቀረው ሁለት ጣት ለወጥ ይሁን።

አሽትቱት። የራሰ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ከሸተተ ቲሲኤ የሚባል ነገር ቡሹን መትቶታል። ይህ የእናንተ አያያዝ ጥፋት አይደለም፣ ከቡሹ የመጣ ነው። ጤና አይጎዳም፣ ግን አይጠጣም። ኮምጣጤ ወይም የተቀቀለ ፍራፍሬ ከሸተተ ግን ሙቀት ወይም አየር ገብቶታል። የጎረቤቶቹን ጠርሙሶች አንገት ሄዳችሁ እዩ።

በጣም ያረጀ ወይን፣ 20 ዓመት ያለፈው፣ አየር ሲነካው ቶሎ ይወድቃል። እንግዶች ከመጡና ምግቡ ከቀረበ በኋላ ክፈቱት እንጂ ቀድማችሁ አታናፍሱት። ወጣቱና ጠንካራው ባሮሎ ግን ሁለት ሦስት ሰዓት አየር ቢያገኝ ይወዳል። ቀይም ቢሆን እስከ 16 ወይም 18 ዲግሪ ይቅረብ፤ ከምድር ቤቱ እንደወጣ ልኩ ነው። ለምግቡ የበግ ጥብስ ይስማማዋል። በርበሬ የበዛበት ዶሮ ወጥ ግን ያረጀ ወይንን ድምፁን ያጠፋዋል፣ ለእሱ ጣፋጭነት ያለውን ሪዝሊንግ አውጡ።

ማታውኑ ወይም በማግስቱ የቀመሳችሁትን ደብተሩ ላይ ጻፉ። ታኒኑ አሁንም ድድ ያደርቃል? ፍሬው አለ? ቀለሙ ዳርቻው ላይ ሸክላ ሆኗል? ታኒኑ ገና ጠንካራ ከሆነ ከስድስቱ የቀሩት አምስቱ ላይ ያለውን ወረቀት ፈትታችሁ ቀኑን በሁለት ዓመት ግፉት። ልስልስ ካለ በዚህ ዓመት ሁለት፣ በሚመጣው ሁለት እያላችሁ ጨርሷቸው። ፍሬው ደክሞ ካገኛችሁት ደግሞ የቀሩትን ወደ ላይኛው መደርደሪያ አውጡና በሚመጣው በዓል ክፈቷቸው።